አንድ ቃል ያነሣው ሙግት፤ የታሪክ ድርሰት እንዴት ይጻፋል?

በየዓመቱ በሰኔ ወር የፈተና ወረቀት በጠረጴዛችን ላይ ሲከመር፣ እኛ የታሪክ መምህራን አንድ የለመድነው ነገር ያጋጥመናል። የመጀመሪያውን ወረቀት ስናነብ ደስ ይለናል። ሁለተኛውን ስናነብ የመጀመሪያውን የደገምን ይመስለናል። ዐሥረኛው ላይ ስንደርስ ግን የምናነበው የተማሪዎቹን ሐሳብ ሳይሆን፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍነውን የራሳችንን ማስታወሻ መሆኑ ይገባናል። ቃሉ የኛ ነው፤ ቅደም ተከተሉ የኛ ነው፤ ስሕተት ካለበትም ስሕተቱ የኛው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ የሚል ጥያቄ አውጥተን ነበር፦ «የውጫሌ ውል ወደ አድዋ ጦርነት ያደረሰው ለምንድን ነው?» ተማሪዎቹ ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት መልስ ሰጡ። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛና በኢጣሊያንኛ የተለያየ ስለ ነበረ ነው አሉ። አንዲት ተማሪ ግን ሁለት ገጽ ሞልታ ሌላ ነገር አነሣች። አንቀጹ ጨርሶ ባይጻፍስ ኖሮ ጦርነቱ ይቀር ነበርን? ስትል ጠየቀች፤ ኢጣሊያ ከውሉ በፊት ምጽዋን መያዟንም አስታወሰች። እኛ በቀይ ቀለም «ከጥያቄው ውጪ» ብለን ጽፈን ከግማሽ በታች ሰጠናት። ወረቀቱን ከመለስን በኋላ ልጅቱ ወደ መምህራን ክፍል መጣችና፣ «ቲቸር፣ ያነሣሁት ምክንያት ውሸት ሆኖ ነው ወይስ እርስዎ ያልሰጡን ስለ ሆነ ነው?» አለች። በዚያን ጊዜ የሚረባ መልስ አልነበረንም። ይህ ጽሑፍ ያ የዘገየ መልስ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ድርሰት ስንል ምን ማለታችን ነው?

ድርሰት የሚለው ቃል በቋንቋችን በጣም ሰፊ ነው። ቅዱስ ያሬድ የደረሰው ዜማ ድርሰት ይባላል፤ ልብ ወለድ ታሪክም ድርሰት ይባላል፤ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለ ክረምት የምንጽፈው አንድ ገጽም እንዲሁ ድርሰት ነው። ስለዚህ ተማሪ «የታሪክ ድርሰት ጻፍ» ሲባል፣ አንዱ የጀግና ገድል፣ ሌላው የመማሪያ መጽሐፍ ግልባጭ ይዞ ቢመጣ አይፈረድበትም። ምን እንደምንፈልግ አልነገርነውምና።

ከዚህ ላይ የምንናገረው ስለ ጥናታዊ ድርሰት ነው። ጥናታዊ ድርሰት ለአንድ ጥያቄ የሚሰጥ፣ በማስረጃ የተደገፈና በሥርዓት የተያያዘ መልስ ነው። በዚህ አባባል ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ጥያቄ፣ መልስና ማስረጃ። ጥያቄ ከሌለው ወሬ ይሆናል። መልስ ከሌለው የማስታወሻ ክምር ይሆናል። ማስረጃ ከሌለው ደግሞ ስብከት ወይም ፉከራ ይሆናል።

አውሮፓውያን ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ የሰጡት ስም የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው። ሚሼል ደ ሞንቴኝ የተባለው ፈረንሳዊ በ1580 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን ሲያሳትም የመረጠለት ስም «ሙከራዎች» እንደ ማለት ነው፤ ቃሉ መሞከርን፣ መመዘንን ያመለክታል። በእንግሊዝ አገር ፍራንሲስ ቤከን በ1597 እ.ኤ.አ. በዚሁ ስም የራሱን ጽሑፎች አሳተመ። እነዚህ ሰዎች ለፈተና አልጻፉም፤ የራሳቸውን ሐሳብ እየመዘኑ ጻፉ እንጂ። ድርሰት በፈተና አዳራሽ ገብቶ የትምህርት ቤት ሥራ የሆነው የጽሑፍ ፈተና እየተስፋፋ ሲሄድ ነው። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በ1858 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ቤት ተማሪዎች ፈተና ማዘጋጀት ጀመረ፤ ፈተናውም ውሎ አድሮ በምሥራቅ አፍሪካ ወደ ነበሩት የእንግሊዝ ግዛቶች ዘለቀ። ከመመዘን የተወለደው ጽሑፍ በሰዓት ተለክቶ የሚጻፍ፣ በነጥብ የሚታረም ሆነ። ተማሪ መመዘኑን ትቶ መሸምደድ የጀመረው ከዚህ ጊዜ ወዲህ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከቤታችን ያለው ሥር

ይሁን እንጂ ነገሩን ከባሕር ማዶ እንደ መጣ እንግዳ ብቻ አድርገን ማየት አይገባንም። በአገራችን የመመዘን ልማድ ከጥንት ጀምሮ ነበረ። ሁለቱን ብቻ እናንሣ።

አንደኛው የአንድምታ ትርጓሜ ነው። የመጻሕፍት መምህር የግእዙን ንባብ ካነበበ በኋላ በአማርኛ ይፈታዋል፤ ቀጥሎም «አንድም» እያለ ሌላ ፍች፣ ሌላም ፍች ያመጣል። ተማሪው አንድ ንባብ ከአንድ በላይ ሊፈታ እንደሚችል ከየኔታው እግር ሥር ይማራል። ለታሪክ ተማሪ ይህ ትልቅ ስንቅ ነው። ልዩነቱ፣ የታሪክ ድርሰት «አንድም፣ አንድም» ብሎ ማቆም የማይበቃው መሆኑ ነው፤ ከፍቾቹ መካከል በማስረጃ የበለጠ የሚቆመው የትኛው እንደ ሆነ መናገር አለበት።

ሁለተኛው ሙግት ነው። በቀድሞው ዘመን ተከሳሽና ከሳሽ በአደባባይ «ተጠየቅ» እየተባባሉ ሲሟገቱ፣ ነገሩን በቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ፤ እማኝ ይቆጥራሉ፤ የተቃራኒያቸውን ቃል አንሥተው ያፈርሳሉ። የተቃራኒውን ቃል እንዳልሰማ ሆኖ ያለፈ ሰው ይረታ ነበር። ጥሩ የታሪክ ድርሰት ከዚህ ሙግት ጋር እጅግ ይመሳሰላል፤ ሆኖም ጸሐፊው ሁለት ሥራ አለበት። እንደ ተሟጋች ይከራከራል፤ እንደ ዳኛም ለራሱ ሳያዳላ ይመዝናል።

በዘመናዊው የአማርኛ ጽሑፍም ፈር ቀዳጅ አለን። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተሰኘውን ጽሑፋቸውን በ1912 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው ደግሞ እሳቸው በ1919 እ.ኤ.አ. ካረፉ በኋላ በ1924 እ.ኤ.አ. ታተመ። ገብረ ሕይወት ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ሦስት ነገር እንደሚያስፈልገው አስተምረዋል፤ የተደረገውን አጥርቶ የሚመለከት ልቡና፣ ሳያዳላ የሚፈርድ ኅሊና፣ ያየውንና የፈረደውን የሚገልጥበት የጠራ ቋንቋ። ይህን ምክር ወደ ክፍላችን ብናመጣው ማስረጃ፣ ሚዛንና አገላለጥ ሆኖ እናገኘዋለን። ወረቀት ስናርም ከእነዚህ የተሻለ መለኪያ የለንም።

ጥያቄውን መፍታት

አሁን ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። የመጀመሪያው ጥያቄያችን ራሱ ጉድለት ነበረበት። «ውሉ ወደ ጦርነት ያደረሰው ለምንድን ነው?» ስንል ውሉ ለጦርነቱ ምክንያት መሆኑን አስቀድመን ፈርደናል። ልጅቱ ያየችው ይህንኑ ነው። ጥያቄው እንዲህ ቢሆን ይሻል ነበር፦ «የአድዋ ጦርነት ዋና ምክንያት የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ነበር የሚለውን አሳብ መርምር።»

ተማሪ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት የጥያቄውን ግስ ማየት አለበት። «ዘርዝር» የተባለ እንደ ሆነ መቍጠር ይበቃዋል። «ግለጽ» ከተባለ ሁኔታውን ማሳየት አለበት። «ለምን» ከተባለ ምክንያትና ውጤትን ማያያዝ፣ «አነጻጽር» ከተባለ አንድነትና ልዩነትን ማውጣት ግዴታው ነው። «መርምር» ወይም «ምን ያህል» ሲባል ግን የቀረበለትን አሳብ ተቀብሎ፣ ነቅፎ ወይም አሻሽሎ አቋም መያዝ ይጠበቅበታል። ብዙ ተማሪዎች የሚወድቁት ታሪኩን ስላላወቁ አይደለም፤ «መርምር» ሲባሉ «ተርክ» የተባሉ ስለሚመስላቸው ነው።

ከግሱ ቀጥሎ ሌሎቹን ቃላት መመልከት ያሻል። በጥያቄያችን ውስጥ ከባዱ ቃል «አድዋ» አይደለም፤ «ዋና» የሚለው ነው። ዋና ካለ ሌሎች ምክንያቶችም አሉ ማለት ነው። ስለዚህ ተማሪው ሌሎቹን ሳያነሣ ዋናውን ሊለይ አይችልም።

ማስረጃውን መሰብሰብ

ማስረጃ ስንሰበስብ በመጀመሪያ ጊዜውን በቅደም ተከተል እናስቀምጥ። ኢጣሊያ በየካቲት 1885 እ.ኤ.አ. ምጽዋን ያዘች። በጥር 1887 እ.ኤ.አ. የራስ አሉላ ጦር ዶጋሊ ላይ የኢጣሊያን ጦር ደመሰሰ። በመጋቢት 1889 እ.ኤ.አ. አጼ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ላይ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ማለትም ሜይ 2 ቀን 1889 እ.ኤ.አ.፣ ምኒልክና የኢጣሊያው መልክተኛ ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ 20 አንቀጽ ያለውን ውል ውጫሌ ላይ ተፈራረሙ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር ኢጣሊያ 17ኛውን አንቀጽ መሠረት አድርጋ ኢትዮጵያ በእርስዋ ጥበቃ ሥር መሆንዋን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ እንጦጦ ላይ ዘውድ ጫኑ። በ1890 እ.ኤ.አ. መባቻ ኢጣሊያ ከባሕሩ ዳርቻ እስከ ደጋው የያዘችውን አገር ኤርትራ ብላ ቅኝ ግዛትዋ አደረገች። ምኒልክ በ1893 እ.ኤ.አ. ውሉን መሰረዛቸውን አስታወቁ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ማርች 1 ቀን 1896፣ የአድዋ ጦርነት ሆነ። ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌ ውል መፍረሱና የኢትዮጵያ ነፃነት ተረጋገጠ።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በሁለት የዘመን አቈጣጠር ስንጽፍ ተማሪ በቀላሉ ይሳሳታል። አንዱ ወረቀት ላይ ውሉ በ1889 ተፈረመ፣ ጦርነቱ በ1888 ተደረገ የሚል አንብበናል። ጦርነቱ ከውሉ ቀድሞ ተደረገ ማለት ነው! ተማሪው ሁለቱንም ዓመት በትክክል አስታውሷል፤ ግን አንዱን ከአውሮፓ፣ ሌላውን ከኢትዮጵያ አቈጣጠር ወሰደ። ስለዚህ በአንድ ድርሰት ውስጥ በአንድ አቈጣጠር መጽናት፣ ሁለቱም ካስፈለጉ እያንዳንዱን በምልክቱ መለየት ግድ ነው።

ማስረጃውን መጠየቅ

የዓመታት ዝርዝር ብቻውን ድርሰት አይሆንም። ማስረጃውን ራሱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ማን ጻፈው? ለማን? መቼ? ምን ጥቅም ነበረው?

17ኛውን አንቀጽ እንይ። የአማርኛው ጽሑፍ፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ፈቃድ ነው፤ ቢፈልጉ ያደርጉታል፤ ባይፈልጉ ይተዉታል። የኢጣሊያንኛው ጽሑፍ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣሊያ መንግሥት ለመጠቀም መስማማታቸውን ያመለክታል፤ ኢጣሊያም ይህን እንደ ግዴታ ተረጐመችው። እንግዲህ የአንድ አገር ነፃነት በአንድ ግስ ላይ ተንጠለጠለ።

ቃሉን ብቻ ሳይሆን ተግባሩንም መመልከት ይገባል። ምኒልክ በዲሴምበር 1889 እ.ኤ.አ. ዘውድ መጫናቸውን በመግለጽ ለእንግሊዝዋ ንግሥት ቪክቶሪያና ለሌሎች የአውሮፓ መሪዎች በቀጥታ ጻፉ። አንድ ሰው በሌላ መንግሥት በኩል ብቻ የመጻፍ ግዴታ ገብቻለሁ ብሎ ቢያምን ኖሮ እንዲህ በቀጥታ ባልጻፈ ነበር። ይህ ደብዳቤ ምኒልክ ውሉን እንዴት እንደ ተረዱት የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ ነው። ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ ግን ጉዳዩ በኢጣሊያ በኩል መሆን እንዳለበት የሚያሳስብ ነበር። ምኒልክ የኢጣሊያንኛው ጽሑፍ ምን እንዳስከተለ የተረዱት በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ለኢጣሊያው ንጉሥ ለኡምቤርቶ ተቃውሟቸውን ጻፉ።

ስለዚሁ አንቀጽ ሊቃውንትም ተከራክረዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ስዊድናዊው ፕሮፌሰር ስቬን ሩቤንሰን በ1964 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጥናት የሁለቱን ቋንቋዎች ጽሑፍና ደብዳቤዎቹን መርምረው ኃላፊነቱን ወደ አንቶኔሊ አስጠጉ። ኢጣሊያዊው ፕሮፌሰር ካርሎ ጂሊዮ በ1965 እ.ኤ.አ. ተቃውሞ ጻፉ። ሩቤንሰንም በ1966 እ.ኤ.አ. መልስ ሰጡ። ሁለቱም የሚያነቡት ያንኑ ሰነድ ነው፤ የሚከራከሩት ስለ ትርጉሙ ነው። ተማሪዎቻችን ይህን ቢያውቁ ታሪክ ተጽፎ ያለቀ፣ ተጠርዞ የተቀመጠ ነገር አለመሆኑን ይረዱ ነበር። አንድ ሊቅ ሌላውን ሊቅ በማስረጃ ሊሞግት ከቻለ፣ ተማሪም የመምህሩን ማስታወሻ በማስረጃ መሞገት ይችላል ማለት ነው።

ማስረጃ ሁሉ በወረቀት ላይ ያለ አይደለም። በታንዛኒያ፣ ከ1905 እስከ 1907 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ በጀርመን ገዥዎች ላይ ስላነሣው የማጂ ማጂ ጦርነት የዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1968 እ.ኤ.አ. ወደየመንደሩ ወጥተው ከሽማግሌዎች ቃል ሰብስበዋል። በአገራችንም የታሪክ ክፍል ተማሪዎች ለመመረቂያ በጻፏቸው ድርሰቶች ስለ ትውልድ አካባቢያቸው ከአረጋውያን የሰበሰቡት ቃል፣ ከእነሱ በኋላ ለመጡ አጥኚዎች መነሻ ሆኗል። ተማሪ የጻፈው ሁሉ ከታረመ በኋላ የሚጣል አይደለም። ይሁንና የአያት ቃልም እንደ ደብዳቤው ሁሉ ይጠየቃል፤ ራሱ ያየው ነው ወይስ የሰማው? ከሌላ ምስክር ጋር ይስማማል?

አቋም መያዝና መጻፍ

ማስረጃው ከተመረመረ በኋላ አቋም ይያዛል። አቋም በአንድ ዓረፍተ ነገር መነገር አለበት፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር መነገር ካልቻለ ገና አልበሰለም። በምሳሌያችን ሦስት ዓይነት አቋም ይቻላል። አንዱ፣ አንቀጹ ዋና ምክንያት ነበር የሚል ነው። ሁለተኛው፣ አንቀጹ ሰበብ ብቻ ነበር፣ ዋናው የኢጣሊያ የመስፋፋት ዓላማ ነው የሚል ነው። ሦስተኛው፣ የመስፋፋቱ ዓላማ ሥር ሆኖ አንቀጹ ጠቡን ከወሰን ጉዳይ ወደ ነፃነት ጉዳይ ለወጠው የሚል ነው። እኛ ወደ ሦስተኛው እናዘነብላለን፤ ነገር ግን ሁለተኛውን በሚገባ አስረድቶ የጻፈ ተማሪ ከኛ ስለ ተለየ ነጥብ ሊጐድልበት አይገባም።

ከመጻፍ በፊት አጭር ንድፍ ይሠራል። መግቢያው ጥያቄውን ይፈታል፤ አቋሙንም ያስታውቃል። «ታሪክ ማለት ያለፈ ነገር ማለት ነው» እያሉ ግማሽ ገጽ መጨረስ መግቢያ አይደለም። በሐተታው እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ነጥብ ብቻ ይይዛል፤ ነጥቡን ይናገራል፣ ማስረጃውን ያቀርባል፣ ማስረጃው ነጥቡን እንዴት እንደሚደግፍ ያስረዳል። ከአንቀጾቹ አንዱ የተቃራኒውን አሳብ ማንሣት አለበት። መደምደሚያው አዲስ ነገር አያመጣም፤ የተመዘነውን ጠቅልሎ ፍርድ ይሰጣል።

ልዩነቱን በምሳሌ እናሳይ። አንድ ደካማ አንቀጽ እንዲህ ሊል ይችላል፦

«ኢጣሊያኖች ተንኰለኞች ስለ ነበሩ 17ኛውን አንቀጽ አጣመው ተረጐሙት። ጀግናው ምኒልክም ተቈጥተው ውሉን ሰረዙ። ከዚያም የአድዋ ጦርነት ተደረገ፤ ኢትዮጵያም አሸነፈች።»

በዚህ ውስጥ ውሸት የለም ማለት ይቻላል። ግን «ተንኰለኞች»፣ «ጀግናው»፣ «ተቈጥተው» የሚሉት ቃላት በማስረጃ ቦታ ገብተዋል። «ከዚያም» የሚለው ቃል ደግሞ ሦስት ዓመት ያህል ጊዜ ውጦ ዝም ብሏል። ይህንኑ ጉዳይ እንዲህ መጻፍ ይቻላል፦

«17ኛው አንቀጽ ጠቡን አልፈጠረውም፤ መልኩን ለወጠው እንጂ። ኢጣሊያ ውሉ ከመፈረሙ 4 ዓመት አስቀድማ ምጽዋን ይዛ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ዶጋሊ ላይ ከራስ አሉላ ጦር ጋር ተዋግታለች። እንግዲህ ወደ ደጋው የመስፋፋት ሐሳቧ በውጫሌ አልተጀመረም። ሆኖም በ1889 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት ባስታወቀች ጊዜ፣ የወሰን ጠብ የነበረው የነፃነት ጥያቄ ሆነ። በወሰን ላይ መደራደር ይቻላል፤ በነፃነት ላይ ግን መካከለኛ ቦታ አይገኝም።»

ሁለተኛው አንቀጽ የሚበልጠው በርዝመቱ አይደለም። የሚበልጠው እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሥራ ስላለው ነው። ቀጥሎ የሚመጣው አንቀጽ ደግሞ ሊጠይቅ ይችላል፦ ነገሩ ይህን ያህል ከባድ ከነበረ ምኒልክ ውሉን ለመሰረዝ እስከ 1893 እ.ኤ.አ. ለምን ቈዩ? መልሱን ለመስጠት ተማሪው ስለ ክፉ ቀን ረኀብ፣ በ1891 እ.ኤ.አ. ከአንቶኔሊ ጋር ስለ ተደረገው ድርድር መክሸፍ፣ ስለ ጦር መሣሪያ መሰብሰብም ማንሣት ይኖርበታል። ጥሩ አንቀጽ ጥያቄ ይወልዳል፤ ጥያቄው ሌላውን አንቀጽ ይጠራል። ድርሰት «ከዚህ በተጨማሪ» በሚል ሙጫ ብቻ አይያያዝም።

ስለ ቋንቋ አንድ ቃል

በአገራችን በሁለተኛ ደረጃ ታሪክ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ብዙ ተማሪዎች የሚሸመድዱት ሰነፎች ስለ ሆኑ አይደለም፤ የራሳቸውን ሐሳብ በሰው ቋንቋ መግለጽ ስለሚያስፈራቸው ነው። የመጽሐፉ ዓረፍተ ነገር ቢያንስ የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ስለዚህ ንድፉን በአማርኛ ወይም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲሠሩ፣ ክርክሩን እርስ በርሳቸው በሚያውቁት ቋንቋ እንዲያካሂዱ፣ ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ እንዲጽፉ ብናደርግ ይጠቅማል። ሐሳቡ ከጠራ ቋንቋው ይታረማል፤ ሐሳብ የሌለው ጽሑፍ ግን ሰዋስውን በማረም አይድንም። የውጫሌ ታሪክ ራሱ ይህን ያስተምረናል፤ ጉዳዩን በራሱ ቋንቋ አስጽፎ የያዘ ሰው የሚሟገትበት መሠረት ነበረው።

የሰውን ቃል መውሰድን በተመለከተም ተማሪን ቶሎ «ሌባ» ብሎ ከመቅጣት በፊት ማስተማር ይቀድማል። ከመጽሐፍ የተወሰደ አሳብ የማን እንደ ሆነ መናገር፣ ቃል በቃል የተወሰደውን በትእምርተ ጥቅስ ማስቀመጥ፣ የቀረውን መጽሐፉን ዘግቶ በራስ ቃል መጻፍ፤ ይህ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊታይና ሊለመድ የሚችል ሥራ ነው።

የመምህሩ ድርሻ

እስካሁን ስለ ተማሪው ተናገርን። ሐቁን ለመናገር ግን ሸምዳጅን የምንፈጥረው እኛ ነን። ማስታወሻችንን ለደገመ ሙሉ ነጥብ፣ ለጠየቀ ደግሞ ቀይ መሥመር የምንሰጥ ከሆነ ተማሪው ብልህ ስለ ሆነ መድገሙን ይመርጣል። አገር አቀፉ ፈተና በአብዛኛው ከተሰጡት መልሶች አንዱን የሚያስመርጥ መሆኑም ጫናውን አብዝቶታል። በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ ሲኖር ድርሰት ማረም ከባድ እንደ ሆነ ለሚያውቅ መንገር አያስፈልግም። ሌሊቱን በእርማት ያሳለፍን እናውቀዋለን።

ቢሆንም ጨርሶ መተው መፍትሔ አይደለም። ሙሉ ድርሰት ማረም ካልተቻለ በሳምንት አንድ አንቀጽ ማስጻፍ ይቻላል። ተማሪዎች ወረቀት ተለዋውጠው «ነጥቡ የት ነው? ማስረጃው የት ነው?» እያሉ እንዲተራረሙ ማድረግ ይቻላል። ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱ ወገን ለአንቀጹ፣ ሌላው ወገን በአንቀጹ ላይ እንዲሟገት፣ በኋላም እያንዳንዱ የተቃራኒውን ወገን አሳብ እንዲጽፍ ማድረግም ይጠቅማል። ስናርም ደግሞ አስቀድመን መለኪያውን ለተማሪዎቹ እንንገር፤ ይኸን ያህል ለማስረጃ፣ ይኸን ያህል ለክርክሩ አያያዝ፣ ይኸን ያህል ለአገላለጥ። ከኛ ጋር ለመስማማት የሚሰጥ ነጥብ አይኑር።

በምርጫ ፈተና ላይ ትክክለኛው መልስ ከአራቱ አንዱ ሆኖ አስቀድሞ ተጽፎ ይጠብቃል። ተማሪዎቻችን ወደ ዓለም ሲወጡ የሚቀርብላቸው ወሬ፣ ውልና አዋጅ ግን መልሱ ከሥሩ የተጻፈለት አይሆንም። አንድ ወረቀት በሁለት ቋንቋ ሁለት ነገር ሲናገር ማስተዋል፣ ማን ለምን እንደ ጻፈው መጠየቅ፣ የሚያምኑትን በማስረጃ ማስረዳት የሚማሩት ከዚህ ከምናስጽፋቸው ድርሰት ነው።

ያችን ተማሪ በተመለከተ፣ ወረቀትዋን መልሰን ጠይቀን እንደገና አነበብነው። ማስረጃዋ በቂ አልነበረም፤ አንድ ዓመት ተሳስታለች፤ መደምደሚያም አልነበራትም። ነገር ግን በዚያ ክፍል ውስጥ የታሪክ ድርሰት የጻፈችው እርስዋ ብቻ ነበረች። «ከጥያቄው ውጪ» ያልነውን ሰረዝንና «ጥያቄውን አሻሽለሽዋል፤ ማስረጃውን ጨምሪበት» ብለን ጻፍን። ነጥቡንም አስተካከልን። ልጅቱ ወረቀቱን አየችና፣ «እሺ ቲቸር፣ ለሚቀጥለው ሳምንት አመጣዋለሁ» ብላ ሄደች። በሚቀጥለው ሳምንት ያመጣችው አራት ገጽ ነበር።